የሳል ሻይ

ይህን ለመናገር ስድስት ዓመት አፍሬ ቆይቻለሁ። እናቴን ሳል አልለቅ ሲላት፣ ሊኮሪስ የሚባል ጣፋጭ ስር ለጉሮሮ ጥሩ ነው ሲባል ሰምቼ ገዛሁላት፤ ጠዋትና ማታ እያፈላሁ አጠጣኋት። ሳሉ ቀለላት። በሁለተኛው ወር ግን ደም ግፊቷ ተነስቶ ወደቀች፤ ቀኝ ጎኗና አንደበቷ ተያዙ። ስሩ ግፊት እንደሚያስነሳ ያነበብኩት ሆስፒታል ተቀምጬ ነው።

ሐኪሙ «የባህል መድኃኒት ነገር ትወስድ ነበር?» አለኝ። «ምንም» አልኩት። «የግፊት ኪኒኗንስ?» ሲል ወንድሜ ቀደመኝና «እትዬ ዘነበች ተፈውሰሻል ብለው አስጥለዋት ይሆናል» አለ። እትዬ ዘነበች ቤታችን እየመጡ ለእናቴ የሚጸልዩላት ጎረቤታችን ናቸው። ኪኒኑን በየቀኑ በእጄ የምሰጣት እኔ ነበርኩ፤ ዝም አልኩ። ወንድሜ ደጃችንን እንዳይረግጡ ነገራቸው።

ባለፈው ሳምንት አስራ ስምንት ማዞሪያ ታክሲ ስጠብቅ እትዬ ዘነበች አገኙኝ። እጄን ይዘው፣ «ልጄ፣ እኔ ኪኒኑን ተዪ አላልኳትም። ግን ተፈውሰሻል ስላልኳት ትታው ከሆነ፣ ይቅር በዪኝ» አሉኝ።

«ይቅር ብያለሁ፣ እትዬ» አልኳቸው።