ስፌት ክፍል ያላንጎራጎረው ዘፈን

ክቡር ሥራ አስኪያጃችን፣ ክቡራትና ክቡራን የፍራሽ ፋብሪካችን ባልደረቦች፤

ከሥራ ሰዓታችሁ ቆርሳችሁ፣ ወንበር ደርድራችሁ፣ ግድግዳውን በስፖንጅ አበባ አስጊጣችሁ ስለ ጠበቃችሁኝ እግዚአብሔር ያክብራችሁ። አበባውን ማን እንደ ቆረጠው ገና ከበሩ ስገባ ነው ያወቅኩት፤ ጠርዙ ተንጋዷል። የመቁረጫ ክፍል ልጆች፣ ገና ሳልወጣ እንዲህ ከሆናችሁ ከነገ ወዲያ ምን ልትሆኑ ነው?

ንግግር ታደርጋለህ ስባል ጭንቅ ያዘኝ። ትምህርቴን ያቆምኩት በልጅነቴ ነው፤ አፌም ያለ ዜማ ቶሎ አይፈታልኝም። ይህን ለነጎድጓድ ባዋየው፣ "ጋሼ፣ ምን ያስጨንቅዎታል? እኔ ከኋላ ሆኜ ድራም እመታልዎታለሁ" አለኝ። "ተው ልጄ፣ ሰው የምናገረውን ይስማ" ብዬ ለመንኩት። አዲስ ለተቀጠራችሁ ልንገራችሁ፤ ነጎድጓድ የጭነት ክፍላችን ሠራተኛ ነው። ቅጽል ስሙ የወጣለት ድራም ከመጀመሩ በፊት ነው። ፍራሽ መኪና ላይ ሲጭን ሰፈሩ በሙሉ ይሰማዋል። በፍራሽ እንዴት ድምፅ ይወጣል? ይኸው ጡረታ ወጣሁ፣ እስካሁን አልገባኝም።

ሥራ አስኪያጃችን "ስለ ሥራ ዘመንህ ንገረን" ብለውኛል። ስፖንጅ ቆረጥኩ። ቀጥ አድርጌ ለመቁረጥ ሞከርኩ። አለቀ። ስለዚህ በፈቃዳችሁ ስለ ሌላው ሥራችን፣ ስለ ባንዳችን ላውራ። መንገድ ላይ የሚያገኘኝ ወጣት ሁሉ "ጋሼ፣ ባንድ እንዴት ይመሠረታል? አድማጭስ ከየት ይመጣል?" ይለኛል። ቆሜ ጀምሬለት ሳልጨርስ ታክሲው ይመጣበታል። እናንተ ግን ዛሬ ተቀምጣችኋል፤ አታመልጡኝም።

ብዙዎቻችሁ ባለቤቴን ታውቋት ነበር። ቤት ውስጥ ሳንጎራጉር ሐሳብ ይወስደኝና ዜማውን መሐል ላይ እተወዋለሁ። እሷ ታዲያ ከወዲያኛው ክፍል "ጨርሰው እንጂ ሰውዬ! ምነው አንጠለጠልከው?" ትለኛለች። የየዕለት ጭቅጭቃችን ነበር፤ ከዛሬ በፊት ለማንም ነግሬ አላውቅም። እሷ ካረፈች በኋላ ወደ ሥራ ስመለስ መቁረጫ ማሽኔ ላይ ማንጎራጎሬን እንዳቆምኩ እኔ ራሴ ልብ አላልኩም።

ልብ ያለው የኤሌክትሪክ ሠራተኛችን ነው። አንድ ቀን ጠዋት መፍቻውን ይዞ መጣ።

"ጋሼ፣ መቁረጫዋ ምን ሆነች?"

"ምን ትሆናለች? ደህና ናት። ማን ጠራህ?"

"ማንም። ድምፅዋ ተለወጠብኝ፤ የሆነ የጎደለ ነገር አለ።"

ማሽኗን ከፈተ፣ ገጠመ፣ ጆሮውን አስጠጋ። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። የጎደለው ከማሽኗ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባው መሰለኝ። "ምሳ ሰዓት ላይ ስፖንጅ መጋዘን ብቅ ይበሉ" ብቻ ብሎኝ ሄደ።

ብቅ አልኩ። እሱ ጊታር ይዟል። የመጋዘኑ ኃላፊ ቤዝ ጊታር አንግቷል። ነጎድጓድ ከአንድ አሮጌ ድራምና ከባዶ በርሜሎች ኋላ ተቀምጧል። "ሮክ ነው የምንጫወተው" አሉኝ። ሮክ ማለት ያን ጊዜ ለኔ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ድንጋይ መወርወር ነበር።

"ማነው የሚዘፍነው?" አልኩ።

"እርስዎ ነዎት።"

"እኔ? ሚስቱን የቀበረ ሰው? ሰው ምን ይለኛል?"

"እዚህ ውስጥ ማን ይሰማዎታል ጋሼ?" አለ የመጋዘኑ ኃላፊ፣ እስከ ጣሪያ የተከመረውን ስፖንጅ እያሳየኝ።

እውነቱን ነው፤ እዚያ ውስጥ ብትጮህ ውጭ የቆመ ሰው አይሰማህም። እኔ ግን ልቤ አላረፈም። ሰው ባይሰማ የሚሰማ አለ። አብሬያቸው የምጸልይ አንድ ሽማግሌ ጎረቤት አሉኝ፤ ሄጄ አዋየኋቸው።

"በዘፈኑ ትዋሻለህ?" አሉኝ።

"ኧረ አልዋሽም።"

"ሰው ትሰድባለህ?"

"በፍጹም።"

"ታዲያ ምን ፈርተህ ነው የመጣኸው?"

"ደስ እንዳይለኝ ነው የፈራሁት፣ አባቴ።"

"ደስታን የሚሰጥ እሱ ነው። ሲሰጥህ እጅህን ወደ ኋላ አታድርግ። ጸሎትህን ግን እንዳታስቀር" አሉኝ። አላስቀረሁም።

ፈቃድ ልንጠይቅ ወደ ሥራ አስኪያጃችን ሄድን። ስፖንጅ በቀላሉ እሳት ይይዛል፤ የመጋዘን ነገር ቀልድ አይደለም። "ኃላፊነቱን ማን ይወስዳል?" ሲሉን እኔ እጄን አወጣሁ። "የፋብሪካው ሠራተኛ ያልሆነ ሰው ለልምምድ እግሩን አያስገባም። ባንዱ የሠራተኛ ብቻ ነው። ቃሌ ነው" አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ ስንቱን ጎበዝ ጊታር ተጫዋች ከበር መለስኩት! ይህቺን ቃል ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

የመጀመሪያውን ዘፈናችንን ያሰማነው ለስፌት ክፍል ነው። ለምን ለስፌት ክፍል? ከመጋዘኑ ቀጥሎ ያለው በር የነሱ ስለሆነ። ጊታሩ ረጅም ነበር፤ ድራሙ ከሱም ይረዝም ነበር። ስንጨርስ ላባችንን እየጠረግን የክፍሉን ኃላፊ አየናት። እናንተ እትዬ ትሏታላችሁ፤ እኔም ከእናንተ ለምጄ እትዬ እላታለሁ እንጂ እኩያዬ ናት።

"ጨረሳችሁ?" አለች።

"ጨረስን።"

"ጎበዞች። ግን ይዤው የምሄደው ነገር አጣሁበት።"

የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ደሙ ፈላ። "እትዬ፣ ሮክ እኮ ነው!"

"ይሁና፤ ማን ሮክ አይሁን አለህ? ነገ ስፌት መኪናዬ ላይ ተቀምጬ የማላንጎራጉረውን ምን ላድርገው?"

ልጆቹ አኩርፈው ሰነበቱ። እኔ ግን ቤቴ ገብቼ ሳስበው እውነቷን ሆነብኝ። ከዚያ ጀምሮ ደንብ አወጣን። አዲስ ዘፈን አንድ ጊዜ ለስፌት ክፍል እናሰማለን፣ ከዚያ ዝም እንላለን። "ወደዳችሁት ወይ?" ብሎ መጠየቅ ክልክል ነው። ሳምንቱ ሳያልቅ ከመኪናዎቹ ድምፅ መሐል ሲያንጎራጉሩት ከሰማን ዘፈኑ ይኖራል። ካልሰማን፣ የማንም ይሁን የማን፣ ይጣላል። ጩኸቱን አልቀነስነውም። በጩኸቱ ውስጥ ሰው ይዞት የሚሄደውን ዜማ ማስቀመጥ ግን ተማርን።

ከዚያማ ልባችን አበጠ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የወጣቶች ማዕከሉን አዳራሽ ለመንን፤ ተፈቀደልን። ወለሉ ሴራሚክ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ባዶ። እስቲ አስቡት፤ ስፖንጅ ውስጥ ብቻ ተለማምዶ የወጣ ባንድ! ስፖንጅ የዋጠውን ድምፅ አይመልስም። የራሳችን ድምፅ ወጥቶ ተመልሶ ሲመጣ ሰምተን አናውቅም። የመጀመሪያውን ስንኝ ዘፍኜ ሁለተኛውን ልጀምር ስል፣ የመጀመሪያው ከወዲያኛው ግድግዳ ተመልሶ መጣ። ሌላ ሰው የሚዘፍን መሰለኝና፣ ቅድሚያ ልስጠው ብዬ ዝም አልኩ! ነጎድጓድ ደግሞ የገዛ ድራሙን ሲሰማ ሌላ መቺ የገባበት መስሎት እልህ ተጋባ። የመጋዘኑ ኃላፊ ዓይኑን ጨፍኖ ለብቻው ሌላ ዘፈን ጀምሮ ነበር። አድማጩ ዘመዶቻችን ስለሆኑ ጥሎን አልወጣም። የነጎድጓድ እናት ግን እስከ መጨረሻው ጆሯቸውን ይዘው ነበር። አይ፣ እዚያ ጋ አይካዱ እናቴ፣ አይቼዎታለሁ!

ዕቃችንን ስንሰበስብ ማናችንም ቀና ብለን አልተያየንም። ባንዱ እዚያው ሊቀር ነበር። እትዬ መጥታ መሐላችን ቆመች። "እናንተ ልጆች፣ ፍራሽ ሠሪዎች አይደላችሁም እንዴ?" አለች።

በቃ፣ ይኸው ነው ያለችው። በሚቀጥለው ጊዜ ጠርዛቸው ተበላሽቶ ለገበያ የማይወጡትን ፍራሾች ሥራ አስኪያጃችንን አስፈቅደን በጭነት መኪናው ወሰድናቸው። ግማሹን ግድግዳው ላይ አቆምን፣ ግማሹን መሬት ላይ ዘረጋን። ድምፁ አደብ ገዛ። ሰውም ፍራሽ ላይ ተቀምጦ ሮክ መስማት ወደደ። አንዲት እናት ሕፃኗ በጊታር ጩኸት መሐል ለጥ ብሎ ተኝቶ አይታ "ቤቴ ብትመጡልኝ ምናለ?" አለችን። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ባንዱን "እሳተ ገሞራ" ብሎ ሰይሞት ነበር። ሕዝቡ ግን "ፍራሾቹ" አለን፤ ፍራሾቹ ሆነን ቀረን።

አድማጭ ከየት ይመጣል ላላችሁኝ፣ እንዲህ ነው የመጣው። ሹፌራችን ፍራሽ ሲያደርስ በመኪናው ውስጥ ከልምምዳችን የቀዳውን ዘፈን ይከፍታል። ገዢው "ይሄ ማነው?" ይላል። "የሚተኙበትን ፍራሽ የቆረጡት ሰውዬ ናቸው" ይላል ሹፌሩ። ሰውየው ቅዳሜ ሊያየኝ ይመጣል። ስንጨርስ ደግሞ በር ላይ ቆመን የመጣውን ሁሉ እንሸኛለን፤ "ሲመለሱ አንድ መጥቶ የማያውቅ ሰው ይዘው ይምጡ" እንላለን። ሌላ ብልሃት የለንም። አንዱ አማቱን ያመጣል፣ አማቱ ጎረቤቷን ታመጣለች፤ አዳራሹ ሞላ።

አሳታሚስ? አንድ ጊዜ አንድ አሳታሚ መጥቶ ነበር። ጥሩ ሰው ነው፤ ዘፈኖቻችንን ወዷቸዋል። "ከናንተ ውስጥ ሥራውን ለመልቀቅ ዝግጁ የሆነው ማነው?" አለን። ተያየን። ነጎድጓድ ሰዓቱን አይቶ "ይቅርታ ጌታዬ፣ የምንጭነው ፍራሽ አለን" ብሎ ተነሣ። ይኸው እስከ ዛሬ የፈረምነው ውል የለንም።

እኔ ግን ራሴን ስጠይቅ ኖሬአለሁ። ሲጨበጨብልኝ ደስ የሚለኝ ለምንድን ነው? ለተሰጠኝ ድምፅ አመስግኜ ነው ወይስ ተመስግኜ? እንደየቅዳሜው ነው፣ አልዋሻችሁም። ከጭብጨባው በኋላ ወደ ባዶ ቤቴ ስገባ የማንጎራጉርበት ቅዳሜ ካለ፣ ያ ቅዳሜ ደህና ነበር እላለሁ።

አሁን ያስያዝኳችሁን ቃል መልሱልኝ። ከዛሬ ጀምሮ የፋብሪካው ሠራተኛ ያልሆነው ማነው? ይኸው ከፊታችሁ ቆሟል። ልጆቹ "የእርስዎማ ይለያል ጋሼ" ብለውኛል። ሥራ አስኪያጃችንም አይተው እንዳላዩ እንደሚሆኑ ሹክ ብለውኛል። ያን ሁሉ ጎበዝ ከበር መልሼ እኔ በጓሮ ልግባ? አይሆንም። ማይኩን ከመቁረጫ ክፍላችን ለወጣችው ዘፋኝ አስረክቤአለሁ። በድምፅ ከኔ ትበልጣለች። አበባውን የቆረጠችው ግን እሷ ናት።

አንድ ነገር ብቻ ትቼ መሄድ ፈለግኩ፤ አንድ ዘፈን። ስለ ባለቤቴ ነው። ባለፈው ሰኞ የማን እንደሆነ ሳይነገር ለስፌት ክፍል ተሰማ። ዜማው መጨረሻው ላይ ዝቅ፣ ዝቅ፣ ዝቅ ብሎ መሬት ይገባል። ሌላ መጨረሻ ፈልጌ አጣሁለት።

ሳምንቱን ሙሉ በስፌት ክፍል በር ስመላለስ ያያችሁኝ ሁሉ ይቅር በሉኝ። እትዬ "አንተ ሰውዬ፣ ስንት መቀስ ነው የሚጠፋብህ?" ስትለኝ የጠፋብኝ መቀስ አልነበረም። ጆሮዬን እጥላለሁ፤ የመኪናዎቹ ድምፅ ብቻ ነው። ማክሰኞ ዝም። ረቡዕ ዝም። ትናንትም ዝም። ደንቡን ታውቁታላችሁ፤ የማንም ይሁን የማን ይጣላል። ትናንት ስጸልይ "እሷን የሚያስታውስ ዜማ እዚህ ቤት ባይቀርም ፈቃድህ ይሁን" አልኩ። በአፌ አልኩ፤ ልቤ አላለም።

ዛሬ ጠዋት የመጋዘኑን ቁልፍ ላስረክብ ስሄድ የስፌት ክፍል በር ገርበብ ብሎ ነበር። አንዷ ስታንጎራጉር ሰማሁ። ሌላዋ ተቀበለቻት። ከዚያ ሁሉም። የኔው ዘፈን! ቁልፉን እንደ ያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። መጨረሻው ጋ ሲደርሱ ግን ዝቅ አላደረጉትም፤ ወደ ላይ አወጡት። ብድግ አድርገው አወጡትና እዚያው ላይ አሳረፉት። በሩን ገፋ አድርጌ "ኧረ እዚያ ጋ ይወርዳል እኮ!" አልኩ።

እትዬ ከመኪናዋ ቀና እንኳ አላለችም። "የማን እንደሆነማ በመጀመሪያው ስንኝ አውቀነዋል። መጨረሻው ነው ሳምንቱን ሙሉ ያስቸገረን። አንጠልጥለኸው ነበር፤ ጨረስንልህ" አለችኝ።

አንጠልጥለኸው ነበር። ይህን ቃል ማን ነገራት? ማንም። በሩን ዘግቼ፣ ኮሪደሩ ላይ ብቻዬን ቆሜ ሳቅሁ፤ ከሳቁ ጋር ሌላም ነገር መጣ፣ እሱን ለራሴ ተዉልኝ።

ስለዚህ ባንዱን ስለቅ አልከፋኝም። ለአድማጭ የሠራተኛ መታወቂያ አይጠየቅም፤ ቅዳሜ ከፊት ለፊት ታገኙኛላችሁ። አንድ አዲስ ሰው ይዞ መምጣት ለኔም ደንብ ነውና ሽማግሌውን ጎረቤቴን ይዤ እመጣለሁ። እስካሁን "መሬት ላይ መቀመጥ ጉልበቴ አይችልም" እያሉ ነው የቀሩት። ዛሬ የሸለማችሁኝ ፍራሽ ድርብ ነው፤ ለሁለት ሽማግሌ ይበቃል።

እንግዲህ እጃችሁ አይዛል፣ መርፌያችሁ አይሰበር። የምትሠሩት ፍራሽ ላይ የተኛ ሁሉ በሰላም ይነሣ። ሐዘን የገባበት ቤት ቢኖር ጎረቤቱ አይራቀው። ገና ያልተወለዱት ዘፈኖቻችሁ በዚያች በር አልፈው ሩቅ ይሂዱ። እናንተን ለኔ የሰጠኝ፣ ለእናንተም እርስ በርስ የምትደማመጡበት ጆሮ ይስጣችሁ። ጀምራችሁ ያንጠለጠላችሁትን ነገር የሚጨርስላችሁ ሰው አያሳጣችሁ።

ጨርሻለሁ። ስፌት ክፍሎች፣ መጨረሻውን በእናንተው አወጣጥ ነው፤ አንሡልኝ። ነጎድጓድ፣ በል አሁን ምታ!