ከደሴ ያመጣሁት ሳልባትዮ

ተጨማሪ የምስክር ቃል

የቃል ሰጪ ስም፦ አለምነው ስማቸው
ዕድሜ፦ 47
ሥራ፦ ሹፌር
አድራሻ፦ መካነ ሰላም ከተማ፣ ቀበሌ 02
ቃሉ የተሰጠበት፦ ግንቦት 24 ቀን 1996 ዓ.ም፣ ከጠዋቱ 3፡20 ሰዓት
ጉዳዩ፦ የበያጅ ሙጀሂድ አብዱልጀሊል አሟሟት

ስሜ፣ ዕድሜዬና አድራሻዬ ከላይ የተጻፈው ነው። አንድ አሮጌ የናፍጣ ላንድክሩዘር አለኝ፤ ከመካነ ሰላም ወደ ከላላና ወደ ወግዲ ሰው እጭናለሁ። ሟች ሙጀሂድን ከልጅነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ግንቦት 10 ቀን በዚሁ የፖሊስ ጽሕፈት ቤት በሰጠሁት ቃል ስለ አደጋው መነሻ የማውቀው ነገር የለም ብያለሁ። ዋሽቻለሁ። ዛሬ ማንም ሳይጠራኝ በእግሬ የመጣሁት ያንን ለማስተካከል ነው። ቃል ተቀባዩ የምሰጠው ቃል በራሴ ላይ ማስረጃ ሊሆን እንደሚችል ነግረውኛል፤ ይሁን ብያለሁ።

የመኪናዬ የነዳጅ ሳልባትዮ በዝገት ተበልቶ ናፍጣውን በየመንገዱ ያንጠባጥብ ነበር። ግንቦት 5 ቀን ለሙጀሂድ ሳሳየው፣ «ይሄ ከእንግዲህ ብየዳ አይቀበልም፣ ጋሼ። ሳምንት ይታገሱኝና ከላሜራ አዲስ እሠራልዎታለሁ» አለኝ። እኔ ምን በወጣኝ ሳምንት ሙሉ ተራዬን ለሌላ ሹፌር አስበላለሁ ብዬ ግንቦት 6 ቀን ደሴ ሄድሁ። እዚያ ያገለገለ መለዋወጫ የሚሸጥ ሰው ዘንድ ሁለት ሳልባትዮ አገኘሁ። አንደኛው ከናፍጣ መኪና የወረደ፣ ሆዱ ሁለት ቦታ ላይ የተለጠፈ ነው። ሁለተኛው በዚያው ሳምንት ከቤንዚን መኪና የወረደ፣ ዝገት ያልነካው፣ ቀለሙ የሚያበራ ነው። ሻጩ «የናፍጣውን ውሰድ፣ መልኩን አትይ፣ እንዳለ ይገጥምልሃል» ብሎኛል። አልሰማሁትም። እኔን ከዱሮም መልክ ያታልለኛል። ቆንጆውን መረጥሁና የቤንዚኑ ሽታ እንዲጠፋ በናፍጣ አለቅልቄ አውቶቡስ ላይ ጫንሁት።

ግንቦት 9 ቀን ከቀኑ 8፡00 ሰዓት ሲሆን ወደ ሙጀሂድ ጋራዥ ወሰድሁት። ማሰሪያ ጆሮዎቹ ከመኪናዬ ጋር አልገጥም ስላሉ ተነቅለው በሌላ ቦታ መበየድ ነበረባቸው። የሙጀሂድን አሠራር አገር ያውቀዋል። የናፍጣ ሳልባትዮ ከሆነ በፈላ ውኃና በኦሞ አጥቦ ይበይዳል። የቤንዚን ከሆነ ግን እስከ አፉ ውኃ ሞልቶ ሁለት ቀን ሳያሳድር እሳት አያስጠጋም። ያን ሰሞን ቧንቧ ከጠፋ አሥራ አንድ ቀን ሆኖት ስለነበር ውኃ የሚመጣው በአህያ ነው። በማግስቱ ደግሞ የከላላ ገበያ ነበር።

ሙጀሂድ «የናፍጣ ነው የቤንዚን?» ብሎ ጠየቀኝ። የናፍጣ ነው አልሁት። አፉ ላይ ጎንበስ ብሎ አሸተተ፤ የሚሸተው እኔ ያለቀለቅሁበት ናፍጣ ነው። አሁንም «እርግጠኛ ነዎት፣ ጋሼ?» ሲለኝ ተናደድሁ። «ወላሂ የናፍጣ ነው! ምን ትመረምረኛለህ?» አልሁት። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ እኛ አገር ግን ወላሂ የማይል የለም። እሱ ደግሞ የሸህ ልጅ ነው፤ ወላሂ ከተባለ ወዲያ ሌላ አይጠይቅም። «ወላሂ ካሉኝማ በቃኝ» ብሎ ውኃ ጣደ።

ሁለት ጊዜ አጥቦታል። ይህ በደንብ ይጻፍልኝ፤ ሁለት ጊዜ አጥቦ፣ ፀሐይ ላይ ደፍቶ አንጠፍጥፎታል። ከቀኑ 10፡30 ሰዓት ገደማ መበየጃውን ሲያስነካው ፈነዳ። እኔ ከበሩ ውጭ ቆሜ ቶሎ በል እያልሁ ነበር። እኔን አንድም ነገር አልነካኝም።

በተቀበረ በሦስተኛው ቀን፣ ለቅሶ ቤት፣ አባቱ ሸህ አብዱልጀሊል በሰው ፊት እጄን ይዘው፣ «አለምነው፣ አንተ ምን አጠፋህ? ቀደር ነው፣ የአላህ ውሳኔ ነው። እኔ ይቅር ብዬሃለሁ፣ አላህም አውፍ ይበልህ» አሉኝ። የተሰበሰበው ሰው አሚን አለ። እኔም አብሬ አሚን አልሁ። ከዚያ ወዲህ መናኸሪያው ላይ፣ በጫት ምርቃና ሆኖ ሳያጥበው ነው የበየደው ሲባል እየሰማሁ ዝም እላለሁ። ትናንት ከቀኑ 9፡00 ሰዓት ሚስቱ ፈርሂያ ቤቴ ድረስ መጣች። «ጋሼ፣ እርስዎ እዚያ ነበሩ። አጥቦት ነበር ወይ? ልጆቹ አድገው ሲጠይቁኝ ምን ልበላቸው?» አለችኝ። አላየሁም አልኋት። አመስግናኝ ሄደች።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስሁት የሚለቀም አይደለም። ብታሰርም ብለቀቅም ለእኔ አንድ ነው። ይህን ቃል የሰጠሁት ይቅርታ ፈልጌ አይደለም፤ ይቅርታውንማ ቀድሜ በውሸት ወስጄዋለሁ። ለፈርሂያ ሁለት ጊዜ ማጠቡ ይነገራት፤ እኔ ፊቷን ማየት አልችልም።

ቃሉ ተነቦልኝ፣ እኔ የተናገርሁት ለመሆኑ አምኛለሁ። እውነት ስለመሆኑ እንድምል ተጠይቄ አልምልም ብያለሁ፤ መሐላዬን ሙጀሂድ ይዞት ሄዷል። በፊርማዬ ብቻ ይያዝልኝ።

የቃል ሰጪ ፊርማ፦ አለምነው ስማቸው ____________
ሲነበብ የሰማ ታዛቢ፦ ቢሻው ይመር ____________
ቃሉን የተቀበለው፦ ም/ሳጅን ብዙነህ አበጋዝ ____________