ጭረት ያጣው በር

አናጢው አዲሱን የበር መቃን ተሸክሞ ከእንጨት መሰንጠቂያው ሰዎች ጋር ሊጣላ ሲሄድ፣ መንገድ ላይ ከእህቱ ልጅ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠመ። ልጅቱ የሕንፃ ንድፍ ሠሪ ናት። እሱ ደግሞ በዚያ ሰዓት እንኳን የተማረ ሰው፣ የገዛ ጥላውንም ማየት አላሰኘውም።

«አጎቴ፣ ምነው ፊትዎ ጠቆረ?»

«ተይኝ ልጄ፣ ደክሞኛል። አክስትሽ እግሯ ከከዳት ወዲህ ባለጎማው ወንበሯ በበሩ አላልፍ ብሎ ጓዳ ቀርታለች። ሰፊ መቃን ቁረጡልኝ ብዬ ብልክ፣ ይኸው ከአሮጌው እኩል አደረጉብኝ።»

«እስቲ የላኩትን ልክ ልየው።»

ከመቃኑ ጋር ተመልሶ የመጣው ወረቀት ላይ «3 2» ተብሎ ተጽፏል። ሦስት ጫማ ከሁለት ኢንች፣ ማለትም ሠላሳ ስምንት ኢንች ማለቱ ነበር።

«ሠላሳ ሁለት ኢንች ብለው አንብበውታል» አለች።

«የድሮው ቆራጭ ቢሆን ይገባው ነበር! ዕድሜ ልካችንን በዚሁ ተግባብተን ኖረናል።»

«እሳቸው ጡረታ ወጡ። ከሦስቱ ትከሻ ላይ አንድ ጭረት ቢያደርጉ ጫማ መሆኑን፣ ከሁለቱ ትከሻ ላይ ሁለት ጭረት ቢያደርጉ ኢንች መሆኑን አዲሱም ሰው ያውቅልዎት ነበር።»

«የዝንብ ኩስ ለምታህል ምልክት ነው ይህ ሁሉ ንትርክ?»

«አጎቴ፣ ወረቀቱ የሚሄደው እርስዎ ወደሌሉበት ነው። አብረውት ሄደው አያስረዱለትም።»

የሙያ ሰው ክፉ አመሉ ይኸው ነው፤ ለራሱ የገባው ሁሉ ለሌላውም የገባ ይመስለዋል። አናጢው ግን ለመከራከርም ጉልበት አልነበረውም። መቃኑን አውርዶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«ጠዋት አክስትሽ ምን አለችኝ መሰለሽ? ‹ግድ የለም፣ መውጣቱም ይቅርብኝ› አለችኝ። እሷ እንዲህ የምትል ሴት አልነበረችም።»

ልጅቱ ወረቀቱን መለሰችለት። እሱም ጆሮው ላይ የሰካውን እርሳስ አውርዶ 3' 2" ብሎ ጻፈ።

«እንዲህ ነው?»

«እንዲህ ነው አጎቴ።»

በሳምንቱ አዲሱ በር ቆመ። ሚስቱ ወንበሯን እየገፋች አለፈችና «ምነው፣ ዝሆን ልታስገባ ነው እንዴ?» አለችው። አናጢው ሳቀና ፊቱን አዙሮ ዐይኑን ጠረገ።

ከዚያ ወዲህ ጭረት የሌለው ልክ ልኮ አያውቅም። እንጨቱ በከንቱ አይቆረጥም፤ እሱም ጠብ ፍለጋ መቃን ተሸክሞ አይንከራተትም። ቢዘነጋ እንኳ፣ ደጅ ፀሐይ የምትሞቀው ሚስቱ ወረቀት ይዞ ሲወጣ ባየችው ቁጥር «ጭረቷን አድርገሃል?» ትለዋለች።