የብርቄ ግራ እጅ

ብልባላ በምትባል ትንሽ የገጠር ከተማ አምስተኛ ክፍል ሳስተምር ነው። ከወረዳ ገምጋሚዎች ሊመጡ ሆነ። በዋዜማው ተማሪዎቼን «ነገ ስጠይቅ መልሱን የምታውቁ ቀኝ እጃችሁን አውጡ፤ የማታውቁ ግራችሁን። እጁን ሳያወጣ የሚቀር እንዳይኖር!» ብዬ አስጠነቀቅኋቸው። በማግስቱ ክፍልፋይ ስጠይቅ ክፍሉ እጅ ብቻ ሆነ። እኔም ቀኝ ቀኙን እየመረጥኩ አስመለስኩ፤ አንድም የሳተ የለ። እንግዶቹ «ምርጥ ትምህርት ቤት ማለት ይኼ ነው!» ብለው እጄን ጨብጠውኝ ሄዱ። ደረቴን ነፍቼ ሰነበትኩ።

ሰኞ ደብተር ሳርም የብርቄ ክፍልፋይ ከላይ እስከ ታች ስህተት ነው። ብርቄ ማለት ካልገባት «ቲቸር፣ ይድገሙልን» እያለች መከራዬን የምታሳየኝ ልጅ ነበረች። «ካልገባሽ ለምን ዝም አልሽ?» ብዬ ተቆጣኋት።

አቀርቅራ «ግራ እጄን አውጥቼ ነበር እኮ ቲቸር። እንግዶቹ ሲሄዱ እርስዎ ተመልሰው የሚያስረዱን መስሎኝ ስጠብቅዎት ነበር» አለችኝ።

ያን ቀን ግራ እጆቹን ሁሉ አይቻቸዋለሁ። ያየኋቸው ግን ልዘላቸው ነበር።