ለአዳራሽ የሚሆን እኩልነት

ከቦንጋ ወደ ደካ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ ያለ አንድ ጎልማሳ አጠገቡ ለተቀመጠችው ወጣት ያወራል።

«ዛሬ ስልጠናው ላይ ስለ ባርነት ተናግሬ አዳራሹን አስለቀስኩት።»

«ምን ብለው ነው ጋሼ?»

«የጌታ ልጅ፣ የባሪያ ልጅ የሚባል ነገር ቀርቷል፤ ሁላችንም እኩል ነን አልኩ።»

«እሰይ! ታዲያ ወንድሜ ሽማግሌዎቹን መልሶ ይላካቸው?»

«የምን ሽማግሌ?»

«ልጅዎን እንዲጠይቁለት የላካቸውን ነዋ! ‹የባሪያ ዘር ቤቴ አይገባም› ብለው የመለሷቸውን።»

ሰውዬው ጉሮሮውን ጠረገ።

«አየሽ ልጄ፣ እኩልነት ሌላ፣ ጋብቻ ሌላ።»

«ገባኝ። እኩልነቱ ለአዳራሽ ነው።»

«እኔ እሺ ብል እንኳ ዘመድ ምን ይላል?»

«ዘመድዎንም ሰብስበው ያስለቅሷቸዋ!»

ከዚያው ስልጠና የተመለስኩት እኔ አንገቴ ላይ የተንጠለጠለውን ባጅ ቀስ ብዬ ሸሚዜ ውስጥ ከተትኩት።