እርሳስ እንደ ዘነዘና

በጣሊያን ጊዜ ነው። ከኮልፌ ወደ መርካቶ በጋሪ ስሄድ፣ የማይተዋወቁ ሁለት ሴቶች ከጀርባዬ ተቀምጠው ሲያወሩ ሰማሁ። አንዷ የሰባት ዓመት ልጅ እናት ናት፤ ሌላዋ ጥጥ ፈትለው የሚሸጡ አሮጊት።

«ኤጭ! እማማ፣ ልጄ እርሳሱን እንደ ዘነዘና ጨብጦ ወረቀቱን ይቀደዋል። አስተማሪው ‹እጁ ካልተገራ ይዘሽው ሂጂ› ብሎኛል።»

«አንቺስ ምን አደረግሽ?»

«ምን ያላደረግሁት አለ? ለመንኩት፣ ተቆጣሁት። ትናንትማ ጣቶቹን መታኋቸው።»

«ኤዲያ! ጣቱን መትተሽ በምን ይጻፍ?»

«ታዲያ ምን ልሁን? አባቱ ባሕር ማዶ ታስሮ ደብዳቤ ይጠብቃል። እኔ ፊደል አልቆጠርኩ። በሰው እንዳላስጽፍ፣ ዛሬ ማን ይታመናል?»

«እንዝርት በስንት ጣት ታሾሪያለሽ፣ ልጄ?»

«በሦስት።»

«እርሳስም በዚያው ጣት ነው የሚያዘው ሲሉ እሰማለሁ። ልጁን መፍተል አስለምጂው፤ ጣቱ ይፍታታል።»

«ወንድ ልጅ ይፍተል? ሰፈሩ ምን ይለኛል!»

«ሰፈሩ ነው ደብዳቤ የሚጽፍልሽ?»



«እማማ፣ ትርፍ እንዝርት ይዘዋል?»

«ይዣለሁ። እንኪ፣ ይቺ ቀላል ናት፤ ለትንሽ እጅ ትሆናለች።»

«በር ዘግቼ ነው የማስፈትለው።»

«ዝጊ። ብቻ አትምቺው።»

መጻፍ የማውቀው እኔ፣ «እኔ ልጻፍልሽ» ልላት ዞሬ አፌን ከፈትኩና፣ «ዛሬ ማን ይታመናል?» ያለችው ትዝ ብሎኝ መልሼ ዘጋሁት።