ሁሉም በአባባ ስም

ጠርጣሪትን ያገኘኋት በክሊኒካችን ደረጃ ላይ፣ እኔ ከፋርማሲ ወደ መዝገብ ክፍል ስሮጥ፣ እሷ አጎቷ ቤት የረሱትን መነጽር ይዛ ስትወጣ ነው። ልንጋጭ ትንሽ ቀረን። "ጠርጣሪት" ያሏት አጎቷ ናቸው፤ ዳታቤዝ፣ የኮምፒውተር መረጃ ቋት ማለት ነው፣ መጠበቅ ተምራ ሥራ ከያዘች ወዲህ የእናቷን ስልክ ሳይቀር ካልቆለፍኩ ትላለች ብለው። እሳቸው የመዝገብ ክፍላችን ኃላፊ ናቸው። ክሊኒኩን ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ያሻገሩት እሳቸው ስለሆኑ ሁላችንም አባባ እንላቸዋለን።

"ምነው፣ ደህና አይደለህም?" አለችኝ።

አብረን እየወጣን ነገርኳት። አንዲት ልብስ ሰፊ በከባድ ኢንፌክሽን ራሷን ስታ መጥታለች። ሐኪሙ መርፌ አዟል፤ እኔም አዘጋጅቻለሁ። ልጇ ግን እያለቀሰች ያዘችኝ። ከዚህ ቀደም አንድ መድኃኒት የእናቷን ጉሮሮ ዘግቶ ሊገድላት ነበር። ስሙን አታውቅም፤ "እዚሁ እናንተ ጋ ተመዝግቧል" ብቻ ነው የምትለው። ኮምፒውተሩ ላይ ደግሞ "የማይስማማት መድኃኒት" የሚለው ቦታ ባዶ ነው። ሐኪሙ የትኛው እንደሚገድላት ሳያውቅ የትኛውንም ለመስጠት አልደፈረም። ሳይሰጣትም ብዙ መቆየት አይችልም።

አባባ ሲሰሙ ፊታቸው ቅጭም አለ። የሌሎች በሽተኞችን መረጃ ከፈቱ፤ ያም ባዶ፣ ያም ባዶ። ጠርጣሪት ፈቃድ ጠይቃ አጠገባቸው ተቀመጠችና ዳታቤዙን የነካው ማን እንደሆነ የሚያሳየውን ገጽ ከፈተች። መስመሩ ሁሉ አንድ ነው፤ አባባ ሰረዘ፣ አባባ ሰረዘ፣ አባባ ሰረዘ።

"እኔ ምንም አልነካሁም" አሉ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

"አውቃለሁ ጋሼ። በእርስዎ የይለፍ ቃል ማን ማን ይገባል?"

"ሁሉም ነዋ። ካርድ ክፍሉ፣ ላቦራቶሪው፣ ፋርማሲው። እኔ ቤት ሰው አይጠረጠርም። ለየአንዳንዱ ቁልፍ መስጠት ሌባ ነህ ከማለት በምን ይለያል?"

እውነቱን ለመናገር ይህን ልማድ እንወደው ነበር። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ አባባ ጎንበስ ብለው የይለፍ ቃላቸውን በጆሮው ይነግሩታል፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የቤቱ ልጅ ነው። ለእኔም ሲነግሩኝ ከደመወዜ ይልቅ ያ አስደስቶኛል። አንድ ሰው የአባባን ስም ይዞ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ያሰበ አልነበረም።

ጠርጣሪት ሲስተሙ አሁኑኑ እንዲዘጋ ለመነች። አባባ አሻፈረኝ አሉ። ቀጠሮ ይዞ የመጣው ሕዝብ ምን ይላል? ከልጆቹ አንዱ ተሳስቶ ይሆናል፤ ጠርተው ይቆጡታል፤ በቃ።

"የሚቆጡት ሰው ንጹሕ ቢሆንስ?" አለች። "በዚህ ማስረጃ እኮ የሚከሰሱት እርስዎ ነዎት። እስቲ ሁሉም ሠራተኛ እጁን ከኮምፒውተር ላይ ያንሳ ይበሉልኝ።"

አባባ ላኩኝና ኮሪደሩን ዞርኩ። የካርድ ክፍሏ ልጅ እጆቿን ወደ ላይ ይዛ "ምነው፣ ተማረክን እንዴ?" ብላ ቀለደች፤ የሳቀላት የለም። ስመለስ አባባ መነጽራቸውን በሁለት እጃቸው ጭናቸው ላይ ይዘው ገጹን እያዩ ነበር። አዲስ መስመር መጣ። አባባ ሰረዘ። ሌላም ተከተለ። አሁን የሚያዩት ገጹን ሳይሆን እጃቸውን ነው።

የሰው ስም ባለቤቱ ፊት ተቀምጦ ሲበድል አይቼ አላውቅም።

"እንግዲያ ከውጭ የመጣ ሰው ነው። በየት ገባ?" አሉ።

"ሕዝቡ ቀጠሮ የሚይዝበት የኢንተርኔት ገጽ በማን ቁልፍ ነው ዳታቤዙን የሚከፍተው?"

"በእኔው።"

"ቁልፍዎ መሰረዝ ይችላል?"

"ሁሉን ይችላል። የእኔ አይደል?"

"ገጹ ስምህን ጻፍ ይላል። አንዱ በስም ፈንታ ትእዛዝ ጻፈበት፤ ገጹም ሳያጣራ አቀበለ፤ ዳታቤዙም አባባ አዘዙኝ ብሎ ፈጸመ። ገጹ ቀጠሮ ከመያዝ በቀር ሌላ የማይችል ቁልፍ ቢኖረው ኖሮ፣ ሌባው የልብስ ሰፊዋ መረጃ ዘንድ ባልደረሰ ነበር።"

አባባ ጎንበስ ብለው የኢንተርኔቱን ገመድ በገዛ እጃቸው ነቀሉ። ከዚያ የብረት ካቢኔውን ከፍተው አንድ ሃርድ ዲስክ አወጡ፤ ማታ ማታ የዳታቤዙን ቅጂ የሚገለብጡበት ነው። ጠርጣሪት በራሷ ላፕቶፕ ከፈተችው።

"ጋሼ፣ ይህን የሚቆልፉት ማንን ጠርጥረው ነው?"

"ማንንም። ቤቱ ቢቃጠልስ ብዬ እንጂ።"

"እኔም እኮ ሌላ አላልኩም" አለች።

አባባ ቀና ብለው አዩዋት። የተረቱት በዚያች ቅጽበት ይመስለኛል።

የልብስ ሰፊዋ መረጃ ተገኘ። የማይስማማት ፔኒሲሊን ነው። እኔ አዘጋጅቼ የመጣሁት መርፌ ከዚያው የመድኃኒት ቤተሰብ ነበር። ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም፤ ሐኪሙ ሌላ ሰጣት፣ ተረፈች።

ገጹ እስኪታረም ድረስ ቀጠሮ በወረቀት ያዝን፤ ሕዝቡም አጉረመረመ እንጂ አልሞተም። ከዚያ አባባ ሰበሰቡንና ለየአንዳንዳችን የራሳችንን ቁልፍ ሰጡን። ላቦራቶሪው ውጤት ይጽፋል እንጂ መድኃኒት አይነካም፤ የቀጠሮው ገጽም የተጻፈለትን እንደ ስም ብቻ ይቀበላል፤ እንደ ትእዛዝ አይደለም። "ቁልፍ የምሰጣችሁ ስለምጠረጥራችሁ አይደለም" አሉ። "ነገ አንድ ነገር ቢጠፋ፣ ያልነካው ሰው አልነካሁም ብሎ እንዲታመን ነው። እኔ ያን ቀን የሚያምነኝ የእህቴ ልጅ ባትኖር ኖሮ ምን ይዤ እከራከር ነበር?" ያጉረመረመ አልነበረም። እኔ ብቻ በሳምንቱ የላቦራቶሪውን ገጽ እንዲከፍቱልኝ ብጠይቃቸው፣ "ለሥራህ ምን ያደርግልሃል?" ብለው በትሕትና መለሱኝ።

ልብስ ሰፊዋ ድና መድኃኒቷን ልትወስድ ስትመጣ መረጃዋን ከፈትኩ። የማይስማማት መድኃኒት፣ ፔኒሲሊን። ከሥሩ ያጣራው ሰው ስም ተጽፏል፤ አባባ ይላል። ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እውነትም እሳቸው መሆናቸውን ሳልጠይቅ አመንኩ።